«ለምን ቀድመው አልሸሹም?» ስለ አይሁዶቹ ስደትና ስለ ሻንጋይ ለተጠየቀው ምላሽ

ጥያቄው፦ «የ2ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ናዚዎች ዘመን አጭር ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም። ሂትለር ሥልጣን የያዘው በ1933፣ ጦርነቱ የጀመረው በ1939 ነው። አይሁዶቹ 6 ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቁ ነበር? ብዙዎቹ ሀብታም ነበሩ ይባላል። ለምን ቀድመው አልሸሹም? ደግሞ ሻንጋይ ያለ ቪዛ ትቀበል ነበር ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው? እዚያ የሄዱትስ ምን ሆኑ?»

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የቅን ሰው ጥያቄ ነውና ረዘም አድርጌ እመልስልሃለሁ። የማስተምረው የ20ኛውን ክፍለ ዘመን የስደት ታሪክ ነው፤ ይህን ጥያቄ የማያነሳ ተማሪ የሌለበት ዓመት የለም። ዓመቶቹን እንደ አንተው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ «አልሸሹም» የምትለዋን ቃል ከጽሑፍህ አውጣት። ሸሽተዋል። በ1933 ጀርመን ውስጥ ወደ 523,000 አይሁዶች ነበሩ፤ ከሀገሪቱ ሕዝብ 1 በመቶ እንኳ አይሞሉም። ጦርነቱ እስኪፈነዳ ድረስ ወደ 282,000 የሚሆኑት ወጥተዋል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሂትለር በማርች 1938 ኦስትሪያን ሲጠቀልል ደግሞ ከዚያ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 117,000 ሰው ወጣ። ይሄ የተኛ ሕዝብ ቁጥር አይደለም።

ችግሩ ብዙዎቹ የወጡት ወደ ቅርብ ነው። ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሆላንድ፣ ወደ ቤልጂየም፣ ወደ ቼኮዝሎቫኪያ። በማስታወሻዋ የታወቀችውን የአይሁድ ልጅ የአን ፍራንክን ስም ሳትሰማ አትቀርም። አባቷ «ቀድመው ከሸሹት» አንዱ ነው። ገና በ1933 ፍራንክፈርትን ለቆ አምስተርዳም ገባ፣ ቤተሰቡንም አስከተለ። በ1940 የጀርመን ጦር እግር በእግር መጣባቸው። ከቤተሰቡ ከጦርነቱ የተረፈው አባትየው ብቻ ነው። ሰውየው ቀድሞ ማሰብ አላቃተውም፤ የሄደው ግን አንድ ሌሊት በባቡር የሚደረስበት ሀገር ነበር። በ1933 ደግሞ አምስተርዳም ለመሸሸጊያ እንደማትበቃ ሊያውቅ የሚችል ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ 6 ዓመቱ እንምጣ። አንተ ዛሬ ሆነህ ስታየው መጨረሻውን ታውቃለህ። እነሱ ግን የሚኖሩት በየቀኑ ነው። በ1933 የአይሁድ ሱቆች ላይ አድማ ተጠራ፤ የቆየው አንድ ቀን ነው። ቀጥሎ የመንግሥት ሠራተኞቹ ተባረሩ፣ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግንባር የዘመቱት ለጊዜው ተተዉ። በዚያ ጦርነት ወደ 100,000 አይሁዶች ለጀርመን ተሰልፈው 12,000 ያህሉ ሞተዋል። ሜዳሊያውን መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ አባወራ «እኔን ማን ይነካኛል?» ቢል አይፈረድበትም። በ1935 የኑረምበርግ ሕጎች መጡ፣ ዜግነታቸው የሁለተኛ ደረጃ ሆነ፣ ከጀርመን ጋር መጋባት ተከለከለ። በ1936 ደግሞ የበርሊን ኦሎምፒክ ነበረና እንግዳ እንዳያይ «አይሁድ አይገባም» የሚሉት ሰሌዳዎች ከመንገድ ተነሱ። ነገሩ የበረደ መሰለ። ቀን ያልፋል፣ ይሄም መንግሥት እንደሌሎቹ ይወድቃል ያለው ሰው ብዙ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በብዙ ቤት መጀመሪያ «እንሂድ» ያለችው ሚስት ናት። ከተረፉት ደብዳቤዎችና የሕይወት ታሪኮች ደጋግመን የምናየው ነው። ባል ሱቁን፣ ደንበኞቹን፣ ሙያውን ያያል፤ 40 ዓመት የለፋበት ነው፣ በሰው ሀገር ከየት ይጀምራል? ሚስት ደግሞ ጎረቤት ሰላምታ ሲነፍጋት፣ ልጇ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ ሲመጣ ታያለች። እሷ ጋ ነገሩ ቀድሞ ደርሷል።

«ሀብታም ነበሩ» ላልከው፣ ሀብታምም ነበረ፣ መካከለኛም ነበረ፣ ደሃም ነበረ። ሀብታሙም ቢሆን ገንዘቡን ይዞ አይወጣም። ጀርመን ውስጥ ከ1931 ጀምሮ፣ ከሂትለር በፊት ማለት ነው፣ ሀብት ከሀገር እንዳይሸሽ የወጣ «የሽሽት ግብር» ነበር፤ ካለህ ንብረት ሩቡን ይወስዳል። ናዚዎቹ ያንን ግብር አይሁዶችን መግፈፊያ አደረጉት። የተረፈህ ገንዘብ በታገደ ሒሳብ ይቀመጣል፣ ወደ ውጭ ገንዘብ ሲለወጥ ደግሞ ዓመት ባለፈ ቁጥር ይበልጥ ይበላል። ጦርነቱ ሲጀምር ከ100 ማርክ እጅህ የሚገባው የ4 ማርክ ዋጋ ያለው የውጭ ገንዘብ ነው። በጥሬው ይዘህ ድንበር የምታልፈው 10 ማርክ ብቻ። በፌብሩዋሪ 1939 ወርቅና ብራቸውን ሁሉ እንዲያስረክቡ ታዘዙ፤ የጋብቻ ቀለበት፣ የብር ሰዓትና የሚበሉበት ጥቂት ማንኪያና ሹካ ተተወላቸው። ሻንጣ ውስጥ የሚገባው እያንዳንዱ ዕቃ፣ ካልሲው ሳይቀር፣ በዝርዝር ተጽፎ ለባለሥልጣን ይቀርባል።

እንግዲህ ወረቀቱ። ኤምባሲ ደጅ የጠና ሐበሻ ይሄን ክፍል ሳላስረዳው ይገባዋል።

አሜሪካ ለመግባት ከጀርመንና ከኦስትሪያ ተደምሮ በዓመት 27,370 ሰው የሚል ኮታ ነበር። በ1939 አጋማሽ ወረፋው ላይ ከ300,000 በላይ ሰው ተመዝግቧል። ቁጥርህ እስኪደርስ ዓመታት ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በገንዘቡ ዋስ የሚሆንህ፣ የባንክ ሒሳቡንና የግብር ወረቀቱን አያይዞ የሚጽፍልህ ሰው ያስፈልጋል። ከፖሊስ የመልካም ጠባይ ማስረጃ፤ ያሳድድህ የነበረው ያው ፖሊስ ማለት ነው። ከግብር ቢሮ ዕዳ እንደሌለብህ የሚገልጽ ክሊራንስ። የተቆረጠ የመርከብ ትኬት። እና ሁሉም ወረቀት የጊዜ ገደብ አለው። አንዱ ሲገኝ የሌላው ቀን ያልፍበታል፣ እንደገና ከሀ ትጀምራለህ። በጣም የሚያናድደኝን ልንገርህ፤ በ1930ዎቹ አብዛኛው ዓመት ያ የአሜሪካ ኮታ እንኳ አልሞላም ነበር። ቆንስላዎቹ «ለመንግሥት ሸክም ሊሆን ይችላል» እያሉ ይመልሷቸው ነበርና። ንብረቱን ሲገፍፉት የከረሙትን ሰው፣ ገንዘብ የለህም ብለው ከለከሉት።

በጁላይ 1938 ፈረንሳይ ውስጥ ኤቪያን በምትባል የሐይቅ ዳር መዝናኛ 32 ሀገሮች ተሰብስበው 9 ቀን በጉዳዩ ተነጋገሩ። ሁሉም አዘነ፣ ሁሉም ምክንያት አቀረበ። ብዙ ሰው እቀበላለሁ ብላ ቃል የገባችው ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ብቻ ናት፣ በመጨረሻ የገቡትም በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። (የእኛ ሀገር በዚያ ሰዓት በፋሽስት ኢጣሊያ ተይዛለች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንግሊዝ ሀገር ባዝ ከተማ በስደት ላይ ነበሩ።) በዚያው ዓመት ኦክቶበር የስዊዘርላንድና የጀርመን ባለሥልጣናት ተደራድረው በአይሁዶች ፓስፖርት ላይ ቀይ «ጄ» ፊደል፣ በጀርመንኛ «አይሁድ» የሚለው ቃል መጀመሪያ፣ እንዲመታ ተደረገ። ድንበር ጠባቂው ገና ሽፋኑን ሲገልጥ ማን እንደሆንክ ያውቃል። በሜይ 1939 እንግሊዝ ወደ ፍልስጤም የሚገቡትን አይሁዶች በ5 ዓመት 75,000 ብላ ገደበች። በዚያው ወር «ሴንት ሉዊስ» የምትባል መርከብ 937 ተሳፋሪ ይዛ ኩባ ደረሰች፤ ኩባ 28ቱን ብቻ አስገባች፣ የአሜሪካን የባሕር ዳርቻ እያዩ ተመለሱ። ወደ አውሮፓ ከተመለሱት ውስጥ 254ቱ በኋላ ሞተዋል።

ስለዚህ ጥያቄውን እኔ «ወዴት ይሂዱ?» ብዬ ነው የማነበው። ሻንጋይ የምትመጣው እዚህ ጋ ነው። አንድ ቤተሰብ ይዤ ላሳይህ።

ማይክል ብሉመንታል በጃንዋሪ 1926 ከበርሊን በስተሰሜን ባለችው ኦራኒየንቡርግ ተወለደ። ቤተሰቡ በኋላ በርሊን ገባ፣ ወላጆቹ የልብስ ሱቅ ነበራቸው። በኖቬምበር 9 ቀን 1938 ሌሊት፣ የመስታወት ስብርባሪ ሌሊት በሚባለው፣ ምኩራቦች ሲቃጠሉና ሱቆች ሲዘረፉ ልጁ 12 ዓመቱ ነበር። በእነዚያ ቀናት ወደ 30,000 የሚሆኑ አይሁድ ወንዶች ታፍሰው ማጎሪያ ካምፕ ገቡ። አባቱም ተወሰደ፣ ቡኸንቫልድ። በአይሁዶቹ ላይ ደግሞ 1 ቢሊዮን ማርክ ቅጣት ተጣለ፣ የተሰበረውንም በራሳቸው ወጪ እንዲጠግኑ ታዘዙ።

ያን ጊዜ ናዚዎቹ ገና የሚፈልጉት እንዲወጡላቸው ነው። ካምፕ ያለ ሰው ከሀገር እንደሚወጣ የሚያሳይ ማስረጃ ከቀረበለት ይለቀቃል። ማስረጃውን ማን ያምጣ? ወንዶቹ ታስረዋል። ሚስቶች ናቸው የሮጡት። ቆንስላ በር ላይ ከሌሊት ጀምሮ የሚሰለፉት፣ ግብር ቢሮ የሚመላለሱት፣ መርከብ ድርጅት የሚለማመጡት፣ የናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ፣ ጌስታፖ፣ ቢሮ ድረስ ገብተው «ባሌን ልቀቁልኝ» የሚሉት ሴቶች ናቸው። የማይክል እናትም ያደረገችው ይሄንኑ ነው። የቤቱን ዕቃ ሸጠች፣ ሱቁ ከነሙሉው ለባዶ በሚጠጋ ዋጋ ሄደ፣ ባሏ ተፈታ፣ ወደ ሻንጋይ የሚሄድ የመርከብ ትኬት ተቆረጠ።

ሻንጋይ ለምን? ያላሰቡት፣ ያልመረጡት፣ በካርታ ላይ እንኳ ፈልገው ያገኙት ቦታ ነው። እውነቱን ለመናገር ያለ ቪዛ መግባት የተቻለው ማንም ስላዘነላቸው አይደለም። ከተማዋ በሦስት ተከፋፍላ ትተዳደር ነበር፤ የዓለም አቀፉ ሰፈር፣ የፈረንሳዮቹ ሰፈርና የቻይናው ክፍል። በ1937 ጃፓን የቻይናውን ክፍል ስትይዝ ፓስፖርት ይቆጣጠር የነበረው የቻይና ቢሮ ሥራውን አቆመ፣ ቦታውን የተካ ደግሞ የለም። ወደቡ ላይ «ቪዛህን አሳይ» የሚል ሰው ጠፋ። የቻይናዎቹ መከራ የፈጠረው ክፍተት ነው ለአይሁዶቹ መውጫ የሆነው። ይሄን ጽሑፍህ ውስጥ አንድ መስመር ስጠው፣ ብዙዎች ይዘሉታል።

ታዲያ ቪዛ ካልተጠየቀ የቻይና ቪዛ ምን ያደርጋል? ይሄ ጥያቄ ነው ሆ ፌንግሻንን የሚያመጣው። ቪየና የነበረ የቻይና ቆንስል ጄኔራል ነው። ከ1938 ጀምሮ አለቃው በርሊን ካለው ኤምባሲ «ተው» እያለው ለሺዎች የሻንጋይ ቪዛ መታላቸው። ሻንጋይ ሲደርሱ ያንን ቪዛ የሚያይ የለም። ቪዛው የሚያገለግለው ለመውጣት ነው፤ ካምፕ ላለ ባል መፍቻ፣ ትኬት ለመቁረጫ፣ በኢጣሊያ በኩል ለማለፊያ። አንዳንዶቹ እንዲያውም ቪዛውን አሳይተው ሌላ ሀገር ነው የገቡት። ሆ በ1997 ሞተ። እስራኤል ያለው የአይሁዶች እልቂት መታሰቢያ ተቋም፣ ያድ ቫሼም፣ እውቅና የሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። በ1940 ሊትዌኒያ፣ ካውናስ የነበረው የጃፓን ምክትል ቆንስል ቺዩኔ ሱጊሃራም ከ2,000 በላይ የመተላለፊያ ቪዛ ጽፎ ብዙዎችን በሩሲያ በኩል ወደ ጃፓን አሳልፏል፣ ከእነሱም አንድ ሺህ ያህሉ በኋላ ሻንጋይ ደርሰዋል።

አብዛኛው ሰው የሄደው ከትሪየስቴ፣ ከጄኖቫና ከናፖሊ በሚነሱ መርከቦች ነው። የብሉመንታል ቤተሰብ ናፖሊ ላይ ተሳፈረ፣ 1939 ጸደይ። አራት ሳምንት ገደማ የሚፈጅ ጉዞ ነው። በፖርት ሰይድ፣ በስዊዝ ቦይ፣ በእኛው ቀይ ባሕር በኩል። ሙሶሊኒ ከ3 ዓመት ተኩል በፊት ወታደሮቹን ወደ ኢትዮጵያ ያጋዘው በዚያው ቦይ ነው። ኢጣሊያም በ1938 የራሷን ፀረ አይሁድ ሕግ አውጥታለች፤ መርከቦቿ ግን ትኬት ይሸጡ ነበር። ርካሹ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ብዙ ቤተሰብ ያለ የሌለ ማርኩን ከፍሎ በአንደኛ ማዕረግ ሄደ። ነጭ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ አራት ሳምንት ተስተናግደው፣ ኪሳቸው ውስጥ 10 ማርክ ይዘው ሻንጋይ ወረዱ። ከወደቡ በጭነት መኪና ተጭነው ድልድዩን ተሻግረው ወደ ሆንግኪው። መጠለያው ውስጥ ተደራራቢ አልጋ፣ የቆርቆሮ ሳህንና የሾርባ ወረፋ ነው የጠበቃቸው።

ሆንግኪው በ1937ቱ ውጊያ የተደበደበ ሰፈር ነው። ርካሽ የሆነውም ለዚያ ነው። ስደተኞቹ ፍርስራሹን ጠግነው ቤት አደረጉት። ቹሳን በሚባለው መንገድ ላይ የቪየና ኬክ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ጥርስ ሐኪም ተከፈተ፤ «ትንሿ ቪየና» ተባለ። ከባግዳድ መጥተው ሻንጋይ ላይ ከበለጸጉት አይሁዶች ሳሱኖቹ ማረፊያ ሕንጻ ሰጡ፣ ሆራስ ካዱሪ ደግሞ ለልጆቹ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የአሜሪካ አይሁዶች የእርዳታ ድርጅት ወጥ ቤቱን ይደግፋል። በኦገስት 1939 ያው በር እየተዘጋ መጣ፤ ፈቃድ ወይም ለአንድ አዋቂ 400 ዶላር ተጠየቀ። እስከዚያ ድረስ ከ16,000 በላይ ሰው ገብቶ ነበር።

ኑሮው ምን ይመስል እንደነበር በአንድ ነገር ላሳይህ፣ በውሃ። የቧንቧው ውሃ ካልፈላ አይጠጣም፤ ተቅማጥና ታይፎይድ ነው። ከሰል ደግሞ ውድ ነው፣ ለአንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ ብለህ አታቀጣጥልም። በየመንገዱ ጥግ ቻይናዎች ትልልቅ ጋን ጥደው ፍል ውሃ የሚሸጡበት ሱቅ አለ። ጠዋት የበርሊን ዶክተር ሚስት፣ በቤቷ ሠራተኛ የነበራት ሴት፣ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ከቻይና ጎረቤቶቿ ጋር ትሰለፋለች። ቀድማ በገዛቻት የቀርከሃ ቁራጭ ትከፍላለች፣ ውሃው እንዳይቀዘቅዝ እየሮጠች ትመለሳለች። ምግቡን የምታበስለው ከአበባ ማሰሮ በተሠራች ትንሽ የከሰል ምድጃ ነው፣ ደጅ አውጥታ፣ በማራገቢያ እያራገበች። እኛ ቤት የምናውቃት ምድጃ ናት ማለት ይቻላል። ክፍሉ አንድ ነው፣ መጋረጃ ተጋርዶ ሁለት ቤተሰብ ይኖርበታል። ሽንት ቤቱ ባልዲ ነው፣ ጋሪ የሚገፋ ሰው ንጋት ላይ እየዞረ ይደፋዋል።

ከዲሴምበር 1941 በኋላ ነገሩ ከፋ። ጃፓን አሜሪካን ወጋች፣ የሻንጋይን ዓለም አቀፍ ሰፈርም ያዘች፣ ከአሜሪካ የሚመጣው ገንዘብ ተቋረጠ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኖቬምበር 1941፣ ጀርመን ከሀገር የወጡትን አይሁዶች ዜግነት በአንድ አዋጅ ሰርዛለች። ሻንጋይ ያሉት የጀርመንና የኦስትሪያ አይሁዶች በአንድ ቀን ሀገር አልባ ሆኑ። የያዙት «ጄ» የተመታበት ፓስፖርት እንኳ ከእንግዲህ ወረቀት ብቻ ነው።

ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1943 ጃፓኖቹ አዋጅ አወጡ። አዋጁ ላይ «አይሁድ» የሚል ቃል የለም። ከ1937 ወዲህ የመጡ «ሀገር የሌላቸው ስደተኞች» በ3 ወር ውስጥ ሆንግኪው ውስጥ ወደተከለለ ቦታ ይግቡ ነው የሚለው። ከ3 ካሬ ኪሎሜትር ያነሰ ቦታ ነው፣ ቀድሞውኑ ወደ 100,000 ቻይናዎች የሚኖሩበት። ግንብም የሽቦ አጥርም አልነበረውም፤ የመንገዱ ጥግ ላይ ጠባቂ አለ፣ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። የይለፍ ወረቀቱን የሚሰጠው ካኖ ጎያ የሚባል ጃፓናዊ ነው፤ ራሱን «የአይሁዶች ንጉሥ» ብሎ የሰየመ። ሥራ ያለው ሰው ጠዋት ከቢሮው ደጅ ይሰለፋል። ጎያ ደስ ካለው ይመታለታል። ካላለው ይጮኻል፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ በጥፊ ይመታል። የተፈቀደለት ሰው ደረቱ ላይ «ማለፍ ይችላል» የሚል የቻይና ፊደል ያለበት ምልክት ያደርጋል።

የብሉመንታል ቤተሰብ ያኔ ቹሳን መንገድ ቁጥር 59 ነበር። ልጁ ትምህርቱን ሳይጨርስ ኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት 1 ዶላር ገደማ ሲያጸዳ ዋለ፣ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያም ነበር። ሲደርሱ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ብለው ነበር። 8 ዓመት ቆዩ። ወላጆቹ በመሀል ተለያዩ። ይሄን የምነግርህ ስደት ከሞት ያዳነውን ትዳር ራሱ ስደት ሊበላው እንደሚችል እንድታይ ነው።

ጁላይ 17 ቀን 1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች የጃፓንን የሬዲዮ ጣቢያ ሲመቱ ቦምቡ ሰፈሩ ላይ ወደቀ። ከ30 በላይ ስደተኞች ሞቱ፣ ቻይናዎቹ ደግሞ በመቶዎች። የስደተኞቹ ሐኪሞች የሰፈሩን ቁስለኛ ሁሉ፣ ቻይናውን ከአይሁዱ ሳይለዩ፣ ሌት ተቀን አከሙ። ከአንድ ወር በኋላ ጃፓን እጅ ሰጠች።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ከአውሮፓ የተረፉ ሰዎች ስም ዝርዝር ይመጣል፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰው ጣቱን በወረቀቱ ላይ እያስኬደ የእናቱን፣ የወንድሙን ስም ይፈልጋል። ጀርመን የቀሩት በአብዛኛው አረጋውያን ነበሩ፣ ከእነሱም የሚበዙት ሴቶች። ኦክቶበር 1941 ላይ መውጣት ራሱ ተከልክሎ ነበር። «ቤት ጠብቁ፣ እንልክላችኋለን» ተብለው የተተዉ አያቶች ናቸው። ዝርዝሩ ላይ አልነበሩም።

ማይክል ከጦርነቱ በኋላ ሻንጋይ ለነበረው የአሜሪካ ጦር ሠራ። በ1947 ከእህቱ ጋር ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፣ ለሁለት 200 ዶላር ይዘው። ቀን እየሠራ በርክሊ ተማረ፣ ቀጥሎ ፕሪንስተን ዶክትሬቱን ሠራ። ከ1977 እስከ 1979 የፕሬዚዳንት ካርተር የገንዘብ ሚኒስትር ሆነ። በ1979 አሜሪካን ወክሎ ቻይና ሲሄድ የሄደው ሀገር አልባ ሆኖ ወደኖረበት ሀገር ነው። እሱ እንግዲህ ብርቅ ነው፤ ሌሎቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ከ1948 በኋላ ወደ እስራኤል ሄደው ልብስ ሰፊ፣ ነርስ፣ ባለሱቅ ሆነው ኖሩ። ሻንጋይ የቀረ የለም ማለት ይቻላል። የቀድሞው ምኩራባቸው ዛሬ ሙዚየም ነው።

ወደ ጀርመን የተመለሰው ጥቂት ነው። ማይክል ግን በ1997 በርሊን ተመልሶ የአይሁዶች ሙዚየም ዳይሬክተር ሆነ፣ እስከ 2014 መራው። በ2015 ከተማዋ የክብር ዜግነት ሰጠችው። እናቱ ባሏን ለማስፈታት በ1938 መጨረሻ ከቢሮ ቢሮ የተንከራተተችባት ያችው በርሊን ናት።

ለጽሑፍህ አንድ ሐሳብ ልስጥህ፣ ሰፊውን ታሪክ ከመጻፍ አንድ ወረቀት ምረጥ። የዋስትናው ደብዳቤ ወይም የግብር ክሊራንሱ ይሁን። ያንን ወረቀት ለማግኘት ማን ጋ እንደሚኬድ፣ ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ሲያልፍበት ምን እንደሚሆን ተከተል። ስለ ኮታው አሠራር የጎደለህ ካለ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እመልስልሃለሁ።